የዓመቱ ዓሣችን

ፔቲት-አንስ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት
ሐምሌ 27

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ኦብሪ ዲግል፤ በቦስተን አጠገብ፣ በዋልታም ከተማ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤት ሠርተው ለሚያስረክቡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በደሴት ልጆች ክለብ ወሬ ለሚያስረክቡ።

እንደምን ከረሙ? እትዬ ሎሬት፣ ሙሽራዋ ኮሪን፣ ያ አንካሳ ድመታችሁ፣ ሁላችሁም ጤና ናችሁ? እኛ ደህና ነን። የአባባ አሜዴ ዓይን ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው፤ ምላሳቸው ግን እንደተሳለ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት ከጀልባዋ ጣሪያ ላይ ወደ ባሕር ስዘል ከሰበርኳት አንዲት ጥርስ በስተቀር። ለምን ዘለልሽ ብለው እንዳይጠይቁኝ። የወደቡ ልጆች «አትችይም» ስላሉኝ ነው።

የሠርጉ ጥሪ ደርሶናል። አባባ ወረቀቱን ዳስሰው «ይሄ የሠርግ ጥሪ ነው ወይስ የጣሪያ ክዳን?» አሉ። «መምጣታችሁን በስልክ አሳውቁን» ይላል። ጋሼ፣ የቤታችን ስልክ የት እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ። ስለ ጀልባዋ ከእርስዎ ጋር ሲጨቃጨቁ አባባ በመስኮት ወደ ባሕሩ ወረወሩት፤ እርስዎ ውሃው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይጮኹ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘመድነታችን በፖስታ ነው። እኔ የኪስ ስልክ አለኝ፤ ቁጥሩን ግን አልሰጥዎትም። ሲቆጡ ጆሮ ያሳምማሉ።

ትልቁ ወሬ፦ የዘንድሮው መለያ መጣልን። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ የመጣ ሕግ ስለሆነ ላስረዳዎት፤ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ብቻ የተማረች ልጅ ስታስረዳዎት ደስ ይበልዎት። ለአንድ ፈቃድ፣ በዓመት አንድ መለያ። ቁጥር የተጻፈበት፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። ትልቁን ቱና፣ ያንን ባለ ሰማያዊ ክንፉን፣ በመንጠቆ አንድ በአንድ እንይዛለን፤ ጅራቱ ላይ መለያውን አዙረን ስንገፋው ጠቅ ይልና ይቆለፋል። አንዴ ከተቆለፈ ተቆርጦ እንጂ ተፈትቶ አይወጣም፤ የተቆረጠ ደግሞ ቆሻሻ ነው። መለያ የሌለው ቱና ወደብ ያስገባ ሰው ፈቃዱን ይነጠቃል። ስለዚህ የዓመቱ ዓሣችን አንድ ነው። እሱ አንዱ የበረዶውን ወራት ማገዶ፣ የጀልባዋን ሞተርና የአባባን የዓይን ሐኪም ይሸከማል።

አባባ መለያውን ከምድጃው በላይ፣ ከቅድስት አና ሥዕል ጎን ምስማር ላይ ሰቅለውታል። ጠዋት ጠዋት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሳለሙ አላውቅም።

ለሙሽራዋ ምን ይዘን እንምጣ? ድንች አለን። ድንች የማትወድ ከሆነ ሌላ ድንች አለን።

አክባሪዎ፣
ካፒቴን ዜፊሪን ሎንጋፊ (ዜፊ)

*

ዋልታም
ነሐሴ 9

ለተወደድሽው ልጄ ለዜፊሪን፤ የአምላክ ሰላም ከአንቺና ከአጎቴ ከአሜዴ ጋር ይሁን። ቅድስት አና በባሕርም በየብስም ትጠብቃችሁ።

እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን። ሎሬት ደብዳቤሽን አንብባ ስቃለች። እኔ አልሳቅሁም። የክለባችን ሰዎች የተከበሩ ናቸው፤ ወሬኛ አይደሉም።

ለሠርጉ ድንች አያስፈልግም። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ። ከቱናው የሆድ ሥጋ፣ ከዚያ ከሚቀልጠው፣ ለሙሽራዋ ማዕድ የሚሆን ቁራጭ ላኪልኝ። የምታሽከረክሪያትን ጀልባ «ስቴላ»ን አባቴና አያትሽ አብረው በእጃቸው እንደሠሯት አትርሺ። ልጄ ኮሪን ከአባቴ ጀልባ የመጣ ዓሣ በሠርጓ ቀን ብትቀምስ ምን ነውር አለው? በክለቡ ሰዎች ፊትም ቃል ገብቻለሁ።

አጎቴን ጉልበቱን ስሚልኝ።

አጎትሽ፣ ኦብሪ

*

ፔቲት-አንስ
ነሐሴ 17

ይድረስ ቃል ለሚገቡት ጋሼ ኦብሪ፤ ቃሉን የምወጣው እኔ ብሆንም ለእርስዎ ሰላምታዬ የባሕሩን ያህል ነው።

የአባባን ጉልበት ስሜልዎታለሁ። «ቦስተን ምን ፈለገች?» አሉኝ።

የሆድ ሥጋ አይሆንም ጋሼ። ገዢው ዓሣውን ሙሉውን ነው የሚወስደው፤ በበረዶ ተቀብሮ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ። ሆዱ የተቆረጠ ቱና ማለት አንድ እግሩን የተቀማ ፈረስ ገበያ መውሰድ ነው። ይልቅ ሌላ ወሬ ላውራዎት።

እዚህ አንድ ጳጳስ አለን። የቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ዓሣ ነው። እኔ ነኝ ስሙን ያወጣሁለት፤ ሆዱ ትልቅ ነው፣ ሲመጣ ሌሎቹ ገለል ይሉለታል፣ ሳይከፍል ይበላል። ጉንጩ ላይ ነጭ ጠባሳ አለው። ጠዋት መረቡን አራግፈን ትንንሾቹን የሄሪንግ ዓሦች ስናወጣ ከጀልባዋ ጎን ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። አንዱን ሄሪንግ ጅራቱን ይዤ ዘረጋሁለት፤ መጥቶ ከእጄ ወሰደ። ዓይኑ የቡና ሲኒ ያህላል።

«ጣትሽን ቁጠሪ» አሉኝ አባባ ከመሪው ቦታ።

«ሁሉም አሉ አባባ።»

«እንግዲያው ተምሯል። የድሮዎቹ ያላገኙትን ትምህርት አግኝቷል።»

ዘንድሮ መለያው ለጳጳሱ ነው። ማንም አይነካብኝ። ሌላ የፈለገ ከየትም ይፈልግ።

ድንቹን አጥቤ አዘጋጅቼዋለሁ።

ታዛዥዎ (በአንዳንድ ነገር)፣
ዜፊ

*

ዋልታም
ጳጉሜን 2

ለውድ ልጄ ለዜፊሪን፤ ሰላምና ጤና ይብዛልሽ።

መልሴ የዘገየው የምግቡን ዝርዝር ማተሚያ ቤት ስወስድ ስመልስ ነው። አሁን ታትሟል። በመሐል ጠረጴዛ ላይ፣ በበረዶ ላይ፣ ከነጭንቅላቱ፣ ሙሉ ቱና። «ከአባታችን ጀልባ ከስቴላ» ተብሎ በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ስለዚህ የሆድ ሥጋውን ጥያቄ ትቼዋለሁ። ሙሉውን ነው የምፈልገው።

አያትሽን ግን ማስቸገር አልሻም። የእናንተን ሽጡት። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድ የክለባችን ሰው እንደነገረኝ መለያውን አንድ ጥርስ እስኪቀረው ድረስ ብቻ ከገፉት የተቆለፈ ይመስላል እንጂ አይቆለፍም። ወደቡ ላይ ይታያል፣ ይመዘናል፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይወልቃል፣ በማግስቱ ለሌላው ይሆናል። አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለኮሪን። ባሕሩ እንደሆነ ሞልቷል፤ ከእጅሽ እየበሉ እንደሆነ አንቺው ጽፈሽልኛል።

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥይው።

አጎትሽ፣ ኦብሪ

*

ፔቲት-አንስ
መስከረም 3

ጋሼ ኦብሪ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን አላቃጠልኩትም። ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ወይዘሮ ፊሎሜንም ነበሩ፤ ወደቡ ላይ ዓሣ መዛኟ። ዳንቴል ሊያሳዩን መጥተው ነው። ዳንቴሉ ያምራል።

መልሴ፦ አይሆንም።

ቀልድ የለበትም ብለው እንዳይደነግጡ፤ ቀልዱ ከታች አለ። መጀመሪያ ግን አባባ ጻፊ ያሉኝን ልጻፍ። «ለኦብሪ እንዲህ በይው፦ እኔና አባትህ፣ አንተም ከኋላችን ቆመህ፣ ያየነውን ሁሉ ጎትተን አወጣን። ትልቁንም ትንሹንም። ፎቶ ተነሳን፣ የማንበላውን ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው። ከዚያ አልመጡም። አንተ ቦስተን ሄድክ፤ እኔ እዚህ ቀርቼ ያንን ባዶ ውሃ በየዓመቱ አየሁት። አሁን ተመልሰው ሲመጡ ዓይኔ ደክሟል፤ ድምፃቸውን ነው የምሰማው። ሲዘሉ ውሃው እንዴት እንደሚመታ ታስታውሳለህ? ያንን ደግመህ አታሳጣኝ።»

እኔ ደግሞ የምጨምረው፦ ከእጄ የሚበላው ሞልቶ ስለተረፈ አይደለም፤ ስለተውነው ነው።

ቀልዱ ይኸው፦ ለሠርጉ ጠረጴዛ በዳቦ የተሠራ ቱና እልክልዎታለሁ። ዓይኑ ዘቢብ ይሆናል።

ዜፊ

*

ዋልታም
መስከረም 8

ለዜፊሪን።

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሌላ ምርቃት የለኝም።

የጀልባዋ ግማሽ የእኔ ነው። ይህ በአባቴ ኑዛዜ የተጻፈ ነው። የሁለት ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ። በራሴ እጅ ይዤ፣ በራሴ እጅ መለያውን አስሬ፣ እንዴት እንደሚደረግ አሳይሻለሁ። ካልሆነ ግማሼን ለሚገዛኝ ሁሉ እሸጣለሁ፤ በመጋዝ ለሁለት ቆርጦ ቢወስዳትም ግድ የለኝም።

አልጋ አዘጋጁልኝ።

ኦብሪ

*

ፔቲት-አንስ
መስከረም 24

ይድረስ ለጋሼ ኦብሪ ዲግል፤ እንኳን በሰላም ዋልታም ገቡ። ድንበር ላይ «የሚያስመዘግቡት ዓሣ አለ ወይ?» ብለው ሲጠይቁዎት ምን አሏቸው?

እዚያው ነበርኩ፣ ምን ትጽፍልኛለች ይሉ ይሆናል። እንደማውቅዎት ክለቡ ውስጥ ሌላ አድርገው ያወሩታል። ስለዚህ ትክክለኛውን ጽፌ ልኬያለሁ፤ ቢጠፋብዎት ግልባጩ ወይዘሮ ፊሎሜን ዘንድ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ያንን አዲስ ቢጫ የዝናብ ልብስዎን ለብሰው፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ከኋላዎ እየተንጠለጠለ ጀልባዋ ላይ ወጡ። እኔ አይቼዋለሁ። አልነገርኩዎትም። አባባን «አጎቴ፣ መሪውን እኔ ልያዝ» ሲሏቸው «መጀመሪያ ሆድህን ያዝ» አሉ፤ ከወደቡ አፍ ሳንወጣ ያለፈውን ቀን እራት ለባሕሩ አስረከቡ።

ለዚህ ብቻ ላመስግንዎት፦ መንጠቆው ሲያዝ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ፣ አልለቀቁም። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ክሩ እያፏጨ ወጣ። «የት ነው የሚሄደው?» እያሉ ሲጮኹ አባባ «ኒውፋውንድላንድ ዘመድ አለው» አሉዎት። ፊትዎ እንደ ተቀቀለ ሎብስተር ቀልቶ፣ ክርዎ እያጠረ፣ መጨረሻ ላይ ጎናችን ሲመጣ ያንን ነጭ ጠባሳ አየሁት። ጳጳሱ ነበር።

ወዲያው አይገደልም። ይህንንም ነግሬዎታለሁ። ሲታገል ደሙ ይፈላል፣ ሥጋው ይበላሻል፤ ስለዚህ ከንፈሩን ይዘን ከጀልባዋ ጎን ቀስ እያልን እናዋኘዋለን፣ እስኪበርድ። ጳጳሱ ጎናችን ሆኖ እየዋኘ፣ እኔ ገመዱን ይዤ፣ አባባ ሞተሩን በጆሯቸው እየመሩ፣ እርስዎ ሥራ ፈቱ። ነገሩ ሁሉ ከዚያ መጣ።

ከቤት ይዘነው የወጣነውን መለያ ከመሪው ክፍል በር መንጠቆ ላይ አወረዱት።

«አይንኩት ጋሼ» አልኩ።

«ዝም በይና ተማሪ። ይሄ የዓሣው ጅራት ነው እንበል» ብለው በራስዎ አንጓ ላይ አዞሩት። «እዚህ ድረስ ትገፊያለሽ። ቀስ። ቀስ። አንድ ጥርስ ሲቀረው ታቆሚያለሽ። አየሽ? የተቆለፈ ይመስላል፤ ግን...»

ጳጳሱ በጅራቱ አንዴ መታን። ስቴላ ጎኗን ሰጠች፤ ክርንዎ ከጠርዙ ጋር ተጋጨ።

ጠቅ።

አባባ ከመሪው ቦታ ጭንቅላታቸውን አዘነበሉ።

«ምንድነው ጠቅ ያለው?»

«ጋሼ ኦብሪ ተያዙ» አልኩ።

እዚህ ላይ ስቄያለሁ። ሳቄ ግን አልዘለቀም። መለያው እርስዎ እጅ ላይ ነበር፤ ጳጳሱ ደግሞ እጄ ላይ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅነው ዓሣ ከጎናችን ነው፤ ወደብ ለማስገባት የሚያስፈልገን ብቸኛው ነገር ከቦስተን በመጣ ሰው አንጓ ላይ ተቆልፏል።

እርስዎ ጎተቱት፣ ነከሱት፣ በሳሙና አሹት። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «ጦሩን አምጪ! ግደይው! ወደብ ስንገባ እጄን ጅራቱ ላይ አድርጌ እቆማለሁ፤ ማን ልብ ይላል?»

«ወይዘሮ ፊሎሜን» አልኩ።

«ከወደቡ በስተጀርባ እናወርደዋለን! ገዢው መኪና ያመጣል! ልጅት፣ ይሄ እኮ ክረምት ከበጋ የምትኖሩበት ነው፤ የአያትሽ ዓይን ነው!»

ይቺ ወጋችኝ። እውነት ስለሆነች። በጳጳሱ ጀርባ ላይ ሁሉንም አየሁት፤ ማገዶውን፣ ሞተሩን፣ ሐኪሙን። ጀርባው ከላይ ጥቁር ነው፣ ጎኑ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ብር ይሆናል።

«አባባ?» አልኩ።

እርስዎም «አጎቴ፣ ንገራት!» አሉ።

አባባ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ዓይን የለኝም። አንተ ደግሞ ከአሁን ወዲያ እጅ የለህም። ካፒቴኗ እሷ ናት።»

ቢላዋዬን አወጣሁ። ክሩን እስከ መንጠቆው ጫፍ ተጠግቼ ቆረጥኩት፤ የቀረው ዝጎ ይወድቃል። ጳጳሱ ወዲያው አልሄደም። ጥቂት ጎናችን ዋኘ፤ ሄሪንግ የምሰጠው መሰለው። ከዚያ ጅራቱን አንዴ ወዘወዘና ከሥራችን ጠለቀ። እርስዎ ፊትዎን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ጉንጭዎ ላይ የነበረው የሚረጨው ውሃ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አሁን ክለቡ ውስጥ እንደሚዘሉት ወደማውቀው ክፍል ልምጣ። ወደብ ስንገባ ወይዘሮ ፊሎሜን ደብተራቸውን ይዘው መጡ።

«መለያ?»

«ተቆልፏል» አልኩ።

«ዓሣው?»

ክንድዎን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መለያውን አዩ፣ እርስዎን አዩ፣ ቁጥሩን ጻፉ። «የተቆለፈበት ነገር ሁሉ ይመዘናል» አሉ። አይስቁም እኮ። ወደቡ ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ። ሰንሰለቱ ወንበር ተደርጎ በክሬኑ ከፍ ሲሉ አንዱ ከኋላ «ተጠርገው ነው ወይስ ከነሆድ ዕቃቸው?» ብሎ ጠየቀ። አባባ «ሆድ ዕቃውን ጠዋት ባሕር ላይ አራግፏል» አሉ።

ክብደትዎን አልጽፍም። እትዬ ሎሬት ያነቡት ይሆናል።

የዓመቱ ዓሣችን እርስዎ ነዎት ጋሼ። ገዢው አይቶዎት «ስብ አለው፤ ግን አርጅቷል» ብሎ ሄደ።

ካፒቴን ዜፊ

*

ዋልታም
ጥቅምት 2

ለዜፊሪን፤ ሰላም።

ወደ ነገሩ ልግባ። ለዓሣ ቢሮው ጻፊ። መለያው ፋብሪካው ውስጥ ተበላሽቶ የወጣ ነው፣ ገና ስናወጣው በራሱ ተሰበረ በይ። ሌላ ይሰጡሻል። ወቅቱ ገና አልተዘጋም፤ ሠርጉም ገና ነው። እኔ ምስክር ሆኜ እፈርማለሁ። መለያውን ከእጄ ያልቆረጥኩት ለማስረጃ ብዬ ነው። ሎሬት መቀስ ይዛ ከክፍል ክፍል ትከተለኛለች። ሠራተኞቼ ከሆስፒታል ያመለጥኩ መስሏቸዋል።

ይህን የምለው ለኮሪን ብቻ አይደለም። የአጎቴን ዓይን ሌሊት ሌሊት አስባለሁ።

ኦብሪ

*

ፔቲት-አንስ
ጥቅምት 7

ጋሼ ኦብሪ፤ እንደምን አሉ? እጅዎስ?

አልጽፍም።

አልተሰበረም። ፋብሪካው ደህና አድርጎ ሠርቶታል፤ እርስዎ በሳሙናና በጥርስ ሞክረውታል። ቢሮው ደውዬ እውነቱን ነግሬያለሁ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ሳቀች፣ ጓደኛዋን ጠራች፣ ደግሜ እንድነግራቸው አደረጉኝ፣ ከዚያ «የተቆለፈ ተቆልፏል» አሉኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። «ተሰበረ» ብዬ ውሸት ከጻፍኩ እኔና ያንን የአንድ ጥርስ ዘዴ የነገረዎት ሰውዬ ምን ልዩነት አለን?

እንዴት ትሆናላችሁ ብለው ሌሊት እንቅልፍ አይጡ። የድንች መጋዘን ገብቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ድንች በፊቴ ያልፋል፣ የበሰበሰውን አወጣለሁ። የአለቃው ጫማ ውስጥ አንዱን የበሰበሰ አስቀምጬለት ገና አላገኘውም፤ ሁሉም ሰው ግን ሸትቶታል። ማገዶ አባባ በዳሰሳ ይፈልጣሉ፤ እኔ ከሩቅ ቆሜ እጸልያለሁ። የዓይን ሐኪሙ ለሌላ ዓመት ተላልፏል። ይህን ሲሰሙ አባባ «ጳጳሱን ለማየት ዓይን አያስፈልገኝም፤ ጆሮ ይበቃኛል» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ደህና ነበር፤ እኔ ነኝ ደህና ያልነበርኩት።

አዝናለሁ ብዬ ግን አልጽፍልዎትም። ያ ዓሣ ነገ ጎኔ ቢመጣ፣ መለያ ከሌለኝ፣ ነገም እቆርጥለታለሁ። ጀልባዋን ለመሸጥ ከፈለጉም መጋዙን ይዘው ይምጡ፤ መሪው ያለበትን ግማሽ ከአሁኑ መርጫለሁ።

ለሙሽራዋ አንድ ጆንያ ድንችና አንድ ፎቶ ልኬያለሁ። ፎቶው የተነሳው ከክሬኑ በታች ነው። እግርዎ ተንጠልጥሎ ያምራሉ።

ዜፊ

*

ዋልታም
ጥቅምት 26

ዜፊ፤

ምርቃቱን ለኋላ ላቆየው።

ሠርጉ ሆነ። መሐል ጠረጴዛው ላይ በረዶው ተደርድሮ ነበር፤ መሰረዝ ረስቼዋለሁ። በረዶ ብቻ። የክለቡ ሰዎች ዝርዝሩን እያነበቡ፣ በወርቅ የተጻፈውን በጣታቸው እየተከተሉ፣ በረዶውን ያዩታል። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። «አውሮፕላኑ ዘገየ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ኮሪን ከነቬሎዋ ተነሳች። ያንቺን ፎቶ ከቦርሳዋ አወጣችና በረዶው መሐል አቆመችው። ዙሪያውን ሎሚ ደረደረችበት። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም፣ እንደ አያቷ እንደ አባቴ ነው ያየችኝ። ምን ማድረግ እችል ነበር? ተነሳሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ክንዴን አነሳሁ።

«ዓሣው እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ጥርሱንም። አንዱም ሳይቀር። ያ ዘዴውን የነገረኝ ሰውዬ መጀመሪያ በሩን አየ፣ ኋላ እሱም ሳቀ። ድንቹን በቅቤ ሠርተውት ነበር፤ አለቀ።

መለያውን አልቆረጥኩትም። ማስረጃ ስለሆነ አይደለም። ሎሬት መቀሱን አስቀምጣዋለች።

የስቴላን ግማሽ አልሸጥም። መጋዝም የለኝም። ለአጎቴ ሐኪም የሚሆን ገንዘብ ከዚህ ከፖስታው ጋር አለ፤ ብድር አይደለም፣ ስጦታም አይደለም፤ የግማሽ ጀልባ ባለቤት ለመሪው ዓይን የሚያወጣው ነው። መልሰሽ ብትልኪው እዚያው ድረስ መጥቼ እጮህብሻለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የመጨረሻዬ ነው። ለከርሞ ለሠራተኛ ቦታ ይኖርሽ ይሆን?

አምላክ ጀልባሽንም እጅሽንም ይባርክ። አሁን መረቅሁሽ።

ኦብሪ

*

ፔቲት-አንስ
ሐምሌ 19

ይድረስ ለተከበሩ፣ ለተመዘኑና ለተቆለፉ ጋሼ ኦብሪ ዲግል፤ ሰላምታዬ እስከ አንጓዎ ይድረስ።

ይህን ያህል ጊዜ ያልጻፍኩት ተቆጥቼ አይደለም። የመጋዘኑ አለቃ ጫማው ውስጥ ያለውን ድንች አገኘውና መጥረጊያ አስያዘኝ፤ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ በእጄ ጽፌ ሳይሆን በእጄ ጠርጌ ነው የኖርኩት።

የአባባ አንዱ ዓይን ተከፍቷል። ፋሻው የተፈታ ዕለት መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። «ጥርስሽስ?» አሉኝ። ከዚያ ፎቶዎን አምጪልኝ አሉ፤ ክሬኑ ላይ ያለውን። አዩት፣ አዩት፣ «ኦብሪ ወፍሯል» አሉ። ስልክ ግን አሁንም አንገዛም።

ጳጳሱ መጥቷል። ዛሬ ጠዋት መረቡን ስናራግፍ ከጎናችን ብቅ አለ። መንጠቆው ወድቋል፤ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ምልክት ብቻ ቀርታለች። ሄሪንግ ዘረጋሁለት። እጄን አየ፣ እኔን አየ፣ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ወሰደው። አባባ በአዲሱ ዓይናቸው እያዩት ነበር፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ዘንድሮ መለያው ለእሱ ይሁን ለሌላ እኔ ነኝ የምወስነው፤ ገና አልወሰንኩም፣ ማንም እንዳይጠይቀኝ። ሠራተኛ ግን ያስፈልገኛል። ደመወዙ ጥቂት ነው፣ ካፒቴኗ ክፉ ናት፣ ሆድዎን የሚያራግፉበት ባልዲ አዘጋጅቻለሁ።

አዲሱ መለያ ትናንት መጣ። ከቅድስት አና ጎን ሰቅዬዋለሁ፤ ምስማሩን ግን ነቅዬ ከጣሪያው ሥር፣ እርስዎ በማይደርሱበት አድርጌ መትቼዋለሁ። ይምጡ። እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ከተው ይምጡ።

ካፒቴንዎ፣
ዜፊ